ዝርዝሩ ላይ ያልገባው ቆጠራ

«እዚህ ቤት ሰው የለም እንዴ?»

ትርሓስ ከበሩ ሁለት ክንድ በማይርቅ ወንበር ላይ ተቀምጣለች። ነጠላዋን አጣፍታ፣ ከዘራዋን ጭኗ ላይ አጋድማ፣ ሰባ አራት ዓመቷን ይዛ ቁጭ ብላለች። ትተነፍሳለች፣ ታስላለች፣ አላፊ አግዳሚውን ትገላምጣለች። ነገር ግን ወደዚህ የጽሕፈትና የሕትመት ቤት የሚገባ ሁሉ በአናቷ ላይ አሻግሮ ወደ ኮምፒውተሮቹ ያይና ሰው የለም ወይ ብሎ ይጠይቃል። ማመልከቻ የሚያስጽፈውም፣ መታወቂያ ኮፒ የሚያስደርገውም ያው ነው። ሠላሳ ዓመት የሚሆነው፣ ጀርባው ላይ ቦርሳ ያዘለው የኮምፒውተር ባለሙያ ፊሮምሳም የገባው እንደዚያው ነበር።

«ሰውስ አለ» አለችው። «የጠፋው ዐይን ነው።»

«ኧረ ይቅርታ ማዘር! ዮሃናን ፈልጌ ነው።»

«ማዘርህ ቤትህ ናት። እኔ ትርሓስ እባላለሁ።»

ዮሃና ልጇ ናት። ዛሬ ሱቁን የምታስተዳድረው እሷ ትሁን እንጂ ያቆመችው ትርሓስ ናት። ካዛንቺስ መሥሪያ ቤቶች በር ላይ፣ ዝናቡንም ፀሐዩንም በአንድ ጃንጥላ እየቻለች፣ ሃያ ስድስት ዓመት ቴምብርና የማመልከቻ ወረቀት ሸጣ ነው ቂርቆስ መጥታ ይህን ሱቅ የተከራየችው። ፊደል አልቆጠረችም። ቴምብሩን በቀለሙ፣ ፎርሙን በመስመሩ ብዛት እየለየች ስትሸጥ፣ ዲግሪ የያዘው ሁሉ ከእሷ ተቀብሎ ወደ ቢሮው ይገባ ነበር።

ፊሮምሳ የመጣው ለአራቱ ኮምፒውተሮች ነው። የሚሠሩት ሊኑክስ በሚባለው ኦፕሬቲንግ ሲስተም ነው፤ ዮሃና ዩኒቨርሲቲ ሳለች ለምዳው አልለቅ ብላለች። መከራዋን ያበሏት በላዩ ላይ የተጫኑት ፕሮግራሞች ናቸው። በዐሥራ አምስት ዓመት ውስጥ አንዱ በፍላሽ መጥቶ፣ አንዱ ከጓደኛ ተቀድቶ፣ አንዱ በእጅ ተጠግኖ የተጠራቀመ ስለሆነ፣ አንዱን ሲያድሱት ሌላው ይሰናከላል። ባለፈው ግንቦት አንዱን አፕዴት ቢያደርጉት የአማርኛው ፊደል በሙሉ ባዶ ሳጥን ሆኖ ታተመ፤ ሁለት መቶ የሠርግ ጥሪ ካርድ ላይ ሙሽራውም ሳጥን፣ ሙሽራይቱም ሳጥን ሆነው ወጡ።

«እማዬ፣ ወደ አዲስ ፓኬጅ ማኔጀር ልንዛወር ነው» አለች ዮሃና፣ እናቷ አፍጥጣ ስታያት። «ከእንግዲህ ፕሮግራም ከየትም አይመጣም። አንድ ትልቅ ግምጃ ቤት አለ፤ ሁሉም ታሽጎ እዚያ ተቀምጧል። እኛ የምንፈልገውን አንድ ዝርዝር ላይ እንጽፋለን፤ ማሽኑ ያንን አንብቦ የተጻፈውን ብቻ አምጥቶ ይተክላል። አራቱም ማሽን አንድ ዓይነት ይሆናሉ።»

«ያልተጻፈውስ?»

«አይኖርም።»

«አይኖርም ማለት?»

«ማለቴ፣ ይጠረጋል ማዘር» አለ ፊሮምሳ ኬብል እየነቀለ። «በቃ፣ ክሊን! ዝርዝሩ ላይ ከሌለ ማሽኑ ላይም የለም። ጥቅሙ እኮ እሱ ነው።»

ትርሓስ ነገሩን አልወደደችውም። ሰባ አራት ዓመት ሙሉ ያላትን ሁሉ ሳትጽፍ የኖረች ሴት እንዴት ብላ ትወደዋለች!

«የኔ ቆጠራስ?» አለች።

«እሱም ይታያል፣ እማዬ።»

ይህ የሷ ቆጠራ የመጣው ከሩቅ ነው። አባቷ እንደርታ ውስጥ መሪጌታ ነበሩ። ለተማሪዎቻቸው ባሕረ ሐሳብ፣ የጾሙንና የበዓሉን ቀን አስልቶ የማውጣቱን ትምህርት ያስተምሩ ነበር። ትርሓስ ከአጥሩ ወዲህ ጌሾ እየቀጠቀጠች ትሰማለች። ተማሪዎቹ በሦስት ዓመት ያልያዙትን እሷ በአንድ ክረምት በጣቶቿ አንጓ ላይ ያዘችው። አንድ ቀን አንዱ ተማሪ መልሱ ጠፍቶበት ሲንተባተብ፣ ከአጥሩ ወዲህ ሆና ጮክ ብላ መለሰችለት። አባቷ አልተቆጧትም፤ አላመሰገኗትም። በማግስቱ ትምህርቱን አንስተው ከአጥሩ ርቆ ወዳለው ዛፍ ሥር ወሰዱት። በቃ፣ ይኸው ነው።

ዮሃና ተማሪ ሳለች ያንን ቆጠራ ፕሮግራም አደረገችው። እናት ጣቷን እያጠፈች ትናገራለች፤ ልጅ ትጽፋለች። ሁለት ወር ፈጀባቸው። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ ፍልሰታ በተፈታ ማግስት ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። ዮሃና የመጪውን ዓመት በዓላት ከኮምፒውተሩ ላይ እያነሳች ትጠራለች፤ ትርሓስ በጣቷ እየተከተለች «አዎ» ትላለች። እሷ «አዎ» ካላለች ወረቀት ማተሚያው ውስጥ አይገባም። የሰፈሩ ሰንበቴ ለአባላቱ የሚያድለው የቀን መቁጠሪያ ከዚህ ቤት ነው የሚወጣው። የቂርቆስ ሰው ዓቢይ ጾም መቼ እንደሚገባ ማወቅ ሲፈልግ ካህን ፍለጋ አይሄድም፤ ወደ ትርሓስ ወንበር ይመጣል። በዚያን ጊዜ ብቻ ሰው የለም ወይ ብሎ የሚጠይቅ አይኖርም። ሌላ ምንም የላትም፤ ያላት ይህ ብቻ ነው።

በማግስቱ ሰልስት ደርሳ ወደ እኩለ ቀን ገደማ ስትመለስ፣ አራቱም ማሽኖች ተጠርገው አዲሱን ለብሰው ቆዩዋት። ፊሮምሳ አንደኛው ላይ ባለቀለም የቀን መቁጠሪያ ከፍቶ ለዮሃና ያሳያታል።

«ግምጃ ቤቱ ውስጥ ዝግጁ ሆኖ አገኘሁት፣ ኢትዮጵያን ካላንደር! ከለሩን እዪው። በፈለግሽው ሳይዝ ያትምልሻል።»

«የኔስ የታለ?» አለች ትርሓስ፣ ነጠላዋን ሳታወልቅ።

ፊሮምሳ ወደ ዮሃና አየ። ዮሃና ወደ ወለሉ አየች።

«ያ እኮ እማዬ፣ የተማሪነት ሥራ ነበር። ወደ አዲሱ ለማምጣት እንደ አዲስ መጠቅለል ነበረበት፤ ሁለት ሦስት ቀን ሊፈጅብን። ይሄኛው ደግሞ ያንኑ ይሠራል።»

የተማሪነት ሥራ! ትርሓስ ወንበሯን ሳበችና ማሽኑ ፊት ተቀመጠች።

«መጪው ዓመት ዘመነ ዮሐንስ ነው። እስቲ ገናን በስንት ይላል?»

ፊሮምሳ ነካ ነካ አደረገ። «ታኅሣሥ ሃያ ዘጠኝ።»

«ስህተት ነው። ሃያ ስምንት ነው።»

«ማዘር ደግሞ! ገና መቼም ሃያ ዘጠኝ ነው። እኔ ጴንጤው እንኳ አውቀዋለሁ።»

«የማታውቀው ጴንጤ ስለሆንክ አይደለም፤ ስላልጠየቅህ ነው። ስማኝ። ዘንድሮ ሉቃስ ነው፤ ሉቃስ ሲያልቅ ጳጉሜን ስድስት ቀን ትሆናለች። ጌታ ከተፀነሰበት ከመጋቢት ሃያ ዘጠኝ እስከ ተወለደበት ዘጠኝ ወር ከአምስት ቀን ነው። ጳጉሜን አንድ ቀን ከጨመረች፣ ታኅሣሥ አንድ ቀን ትመልሳለች። በአራት ዓመት አንዴ ገና ሃያ ስምንት ነው። እመቤታችን ለናንተ ማሽን ብላ ቀኗን አሳልፋ አትወልድም!»

ፊሮምሳ ሳቁን በእጁ ሸፈነ። «ማዘር፣ ይሄን ፓኬጅ ስንት ሺህ ሰው ይጠቀመዋል መሰለዎት? ቢሳሳት ይነቃ ነበር።»

«ከስንት ሺሁ ስንቱ ጾሟል?»

ዮሃና ስልኳን አውጥታ ፈለገች። ገና ታኅሣሥ ሃያ ዘጠኝ ነው የሚል ጽሑፍ ገጽ በገጽ ተደርድሮ መጣላት። «ይኸው እማዬ፣ ሁሉም ሃያ ዘጠኝ ነው የሚለው። አምናም በሃያ ዘጠኝ ነው ያከበርነው፤ ካቻምናም።»

«የዛሬ ሦስት ዓመትስ?»

«የዛሬ ሦስት ዓመትን ማን ያስታውሳል?»

«እኔ። ባታምኚኝ የራስሽን ፕሮግራም ክፈቺና እዪው። አንቺው ነሽ የጻፍሽው።»

«ማሽኑን ጠርጌዋለሁ እኮ» አለ ፊሮምሳ፣ ድምፁ ትንሽ ዝቅ ብሎ። «የደንበኞቹን ሰነድ አስቀርተናል። ፕሮግራሞቹን ግን… ሁሉም ከግምጃ ቤቱ ስለሚመጣ አላስቀረንም። እሱ ደግሞ ዝርዝሩ ላይ አልነበረም።»

ትርሓስ ልጇን አየቻት። ተማሪ ሆና ሁለት ወር ሙሉ ጉልበቷ ሥር ተቀምጣ «ቆይ እማዬ፣ ድገሚልኝ» ስትል የነበረችውን ልጅ ፊቷ ላይ ፈለገቻት። አላገኘቻትም። ያኔም ለካ የምትጽፈው የሰማችውን ነበር እንጂ የገባትን አልነበረም።

«ዮሃና፣ እንዳታትሚው። ቁጭ እንበልና እንደ ወጉ ልቁጠር።»

«እማዬ፣ የሰንበቴው ጋሼ ገብረክርስቶስ ለዓርብ ነው የሚፈልጉት።»

«ተሳስቷል እያልኩሽ ነው!»

«ተሳስቷል?» ዮሃና ትዕግሥቷ አለቀ። «ባለፈው ሳምንት የአቶ ቸሩን የቤት ካርታ ለማን ነው አንስተሽ የሰጠሽው?»

የዚያን ዕለት ሁለት ቡናማ ፖስታ ጠረጴዛው ላይ ነበር፤ ሁለቱም አንድ መልክ። ላያቸው ላይ ስም ተጽፎባቸዋል፤ ስሙ ለትርሓስ ጭረት ነው። ያንዱን ለሌላው ሰጠች። ካርታው በማግስቱ ተመልሷል። ቢመለስስ! ማንበብ የማትችል ሴት አንድ ፖስታ ከተሳሳተች፣ የምታውቀው ሁሉ አብሮ ነው የሚወድቅባት። የተማረው በየቀኑ ቢሳሳት ድካም ነው ይባልለታል።

ከዘራዋን ይዛ ወደ በሩ ወንበሯ ተመለሰች። በዚያ ዓመት ጎን ለጎን አልተቀመጡም። ማንም ቀኑን አልጠራላትም፤ እሷም «አዎ» አላለችም።

አራት መቶው የቀን መቁጠሪያ ታተመ። እውነቱ ይነገር ከተባለ ሥራው አምሯል፤ ትርሓስ ያማረን ነገር አስቀያሚ አትልም። ማተሚያው እንደ ወትሮው ወረቀት ነክሶ አልያዘም፤ ፊደሉ ሳጥን አልሆነም፤ አራቱም ማሽኖች እንደ ታረቁ ወንድማማቾች ዝም ብለው ሠሩ። ደማቅ፣ ጥርት ያለ፣ ዐይን የሚስብ ስህተት ነበር የወጣው። የሰንበቴው ሊቀ መንበር ገብረክርስቶስ ዓርብ ዕለት መጥቶ፣ ሽፋኑን አድንቆ፣ ውስጡን ሳያገላብጥ ጭኖ ሄደ።

ሰኞ ጠዋት ተመልሶ መጣ። ሸምገል ያለ፣ ኮቱን ሁልጊዜ የሚቆልፍ ሰው ነው፤ የዚያን ቀን ቁልፉ ተፈትቷል። አንዱን የቀን መቁጠሪያ ጠቅልሎ እንደ ዱላ ይዞታል። ፊሮምሳም የመጨረሻውን ፍተሻ ሊያደርግ መጥቶ አንደኛው ማሽን ጋ ተቀምጦ ነበር።

«ዮሃና! ምን አድርጌሽ ነው?» አለ ገብረክርስቶስ። «በዘመነ ዮሐንስ ገናን ሃያ ዘጠኝ ብላችሁ አትማችሁ፣ ሰውን በጌታ ልደት ቀን ልታስጾሙት! ቄሱ ሰንበቴው መሐል አንስተው ዘረጉትና “ይህን ያተመው ማነው?” ብለው ሲጠይቁ መግቢያ አጣሁ። አራት መቶውንም አድዬ ጨርሻለሁ። ከለገሃር እስከ ሰንጋ ተራ በየቤቱ ተሰቅሏል!»

ዮሃና ፊቷ አመድ መሰለ። ፊሮምሳ ኪቦርዱ ላይ አጎነበሰ። ገብረክርስቶስ በዚህ ጊዜ ዞር አለና በሩ አጠገብ ያለችውን አሮጊት አያት።

«እትዬ ትርሓስ፣ ቀኑን የሚያወጡት እርስዎ ኖት ሲባል ነበር የምሰማው። አሁንስ ደከሙ መሰለኝ።»

መልሱ የትርሓስ አልነበረም። ልጇን አየች፤ ጠበቀች።

ዮሃና ከንፈሯን ላሰች። «ይቅርታ፣ ጋሼ ገብረክርስቶስ። እናቴ… ያው ዕድሜ ነው፤ ያውቁታል። ቀኑን የምታወጣው እሷ ናት፤ እኔም አምኜያት ሳላጣራ አተምኩት። ሁሉንም እንደ ገና አትመን እንተካለን።»

ሰውዬው ወዲያው ቀዘቀዘ። የጠቀለለውን ወረቀት ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ፤ ኮቱንም ቆለፈ። «አይ፣ እርጅና መቼም! ለሁላችንም አይቀርልን። አታስቸግሯቸው እንግዲህ፤ ይረፉ። ነገ ከቅዳሴ በኋላ ካህናቱን ቀኑን አስቆጥሬ ለሰንበቴውም እነግራለሁ፤ ከእንግዲህ በዚያው በኩል ይሁን።» ሲወጣ ጎንበስ ብሎ የትርሓስን ትከሻ መታ መታ አደረገ። እንደ በሽተኛ።

በሩ ከተዘጋ በኋላ መጀመሪያ የተናገረው ፊሮምሳ ነው።

«ማዘር… እትዬ ትርሓስ። እርስዎ ልክ ነበሩ። አሁን ፓኬጁ የተቀመጠበትን ገጽ አየሁት። አንድ ሰው ከሁለት ዓመት በፊት ጽፎበታል፤ የአራት ዓመቱን ገና ይሳሳታል ብሎ። እስካሁን የመለሰለት የለም።»

«ከመጥረግህ በፊት ብታየው ምን ነበረበት?»

«ምንም» አለ ፊሮምሳ። ለዚህ አመሰገነችው፤ ቢያንስ አልዋሸም።

«እማዬ» አለች ዮሃና፣ አጠገቧ ተንበርክካ። «ምን ላድርግ? ማሽናችን ተሳሳተ ብዬው ቢሆን ሥራውን ሁሉ ይዞ ሌላ ቤት ይሄድ ነበር። ባንቺ ግን አይጨክንም። አየሽው አይደል፣ ወዲያው ነው የበረደው።»

«በኔ አይጨክንም» ትርሓስ ደገመችው። «ስለዚህ አንቺ ጨከንሽብኝ።»

«እንዲህ አትበይ!»

«ማሽን ሐፍረት አያውቅ፤ ሰንበቴ አይሄድ። ለሱ አዘንሽለት። እኔ ግን እሑድ እሑድ እዚያ መሐል ነው የምቀመጠው።»

ዮሃና እንባዋን ጠረገችና ወደ ሥራው ዞረች፤ ሲጨንቃት እንደዚህ ናት፣ ወደ ሥራ ትሸሻለች። «በቃ፣ አሁን እናስተካክለው። ነገ ካህናቱን ካስቆጠረ ሥራው ከእጃችን ወጣ ማለት ነው፤ ዛሬ ማታ ትክክለኛውን ይዤለት ልሂድ። አንቺ እንደ ድሮው ቁጠሪልኝ፤ ገናውንም፣ ነነዌንም፣ ሁዳዴንም፣ ፋሲካውንም። ፊሮምሳ ይጽፈዋል።»

«እኔ በደንብ አድርጌ ነው የምጠቀልለው» አለ ፊሮምሳ ላፕቶፑን እየከፈተ። «በአዲሱ አሠራር፣ ስምዎን ጭምር አስገብቼ። ዝርዝሩ ላይ ከገባ በኋላ ማንም አያጠፋውም። ከመጀመሪያው ይንገሩኝ፤ ዓመተ ዓለሙን በስንት ነው የምናካፍለው?»

ሁለቱም እጇን አዩ። አራት ዐይን፣ ሁሉም እጇ ላይ። ትርሓስ ጣቶቿን አጥፋ ጨበጠቻቸው።

አባቷ ትዝ አሏት። ያን ጊዜ ስታለቅስ ከርማለች፤ ከሳቸው የባሰ ጨካኝ ያለ አልመሰላትም ነበር። ዛሬ ስታስበው አባቷ አራቋት እንጂ አልዋሹባትም። የሷን መልስ የተማሪው ነው አላሉም፤ የተማሪውንም ስህተት የሷ ነው ብለው ለሀገር አልነገሩባትም። የገዛ ልጇ ግን ይህን አደረገችባት፣ ዲግሪ ያላት፣ ሃያ ስድስት ዓመት የተሸጠ ቴምብር ያስተማራት።

«እማዬ፣ ጊዜ የለንም።»

«አለን» አለች ትርሓስ። ከዘራዋን ተደግፋ ተነሣች። «ቆጠራው የትም አይሄድም፤ እዚሁ ነው ያለው፤ ይህን ደግሞ ጠራርጎ የሚያጠፋልሽ ባለሙያ የለም። ሂጂ ጫማሽን ቀይሪ፣ ደምበል ጀርባ ያለው መንገድ ጭቃ ነው። ገብረክርስቶስ ቤት አብረን እንሄዳለን። ግቢ ቢሉሽ አትገቢም፤ በሩ ላይ ቆመሽ፣ ሚስቱም ጎረቤቶቹም እየሰሙ፣ “ሃያ ስምንት ያለችው እናቴ ናት፤ ሃያ ዘጠኝ ብዬ ያተምኩት እኔ ነኝ፤ ዛሬ ጠዋት ጥፋቱን በእናቴ ላይ ያላከክሁትም እኔ ነኝ” ትያለሽ። ድምፅሽን ዝቅ አድርገሽ ብትዪው አስደግምሻለሁ። እሑድም ሰንበቴው መሐል ቆመሽ ይህንኑ ትደግሚዋለሽ። ይህን ካላደረግሽ ነነዌን ከጎረቤት ጠይቂ፣ ፋሲካንም ከስልክሽ ላይ ፈልጊ፤ እኔ አንድ ጣት አላነሣልሽም። ተነሺ!»